ፎገራን ያጠኑ፣ ከፎገራ የተማሩ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል የሚያለብሱት ለጥ ያለ ምድር ነው። የሜዳው ዋና ከተማ ወረታ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠልበት ቦታ ትገኛለች። አካባቢው በአገር የታወቀው በሩዙና ስሙን በወረሰው የፎገራ ከብት ነው፤ ስለ ሁለቱም የግብርና ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈዋል። ይህ ምድርና አጎራባቾቹ ግን ለሌላም ምርምር የበለጸገ ማሳ ሆነው ኖረዋል። ታሪክን፣ ፍልስፍናን፣ ቋንቋን፣ ዜማን፣ እምነትንና የሰውን አኗኗር የሚመረምረው የሥነ ሰብ ጥናት ከዚህ አካባቢ ያገኘው ትምህርት ብዙ ነው።

የሥነ ሰብ ተመራማሪ የሚሠራው በምስክር ነው። ምስክሩ አንዳንዴ ብራና፣ አንዳንዴ የፈረሰ ግንብ፣ አንዳንዴ አፍ የሚያወርሰው ትረካ፣ አንዳንዴም ዝምታ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ተመራማሪ ሁለት ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ይህ ምስክር ማን ነው? እኔስ የመሰከረውን በትክክል ሰምቻለሁ? በፎገራና በዙሪያው የተሠሩ ጥናቶች እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ያሳያሉ።

ናበጋ፦ በአካል የተጻፈ ዕውቀት

በዚህ አገር ሊቅነት ከዩኒቨርሲቲ በብዙ ዘመን ይቀድማል። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት ታላላቅ ጉባኤ ቤቶች የተተከሉበት ምድር ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ የሚገኙት እዚሁ ነው። ተማሪው በእነዚህ ቤቶች ለዓመታት ቀለም ይቆጥራል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይፈተናል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ ተፈትኖ ሲያልፍ ብቻ ወንበር ለመትከል ይበቃል።

ከዚህ ትውፊት የወጡት የፎገራ ልጅ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሕዝብ የሚያውቃቸው ሰውን በአንድ ቃል በሚያስረው ጨዋታቸው ነው። ከጨዋታው ጀርባ ግን የተመሰከረላቸው ሊቅ ነበሩ፤ ጎንደር ላይ አስተምረዋል፤ በአቋቋምም አዲስ ስልት አመንጭተዋል።

አቋቋም ካህናቱ ማሕሌት ላይ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ዜማውን በሰውነት እንቅስቃሴ የሚያጅቡበት ትምህርት ነው። መቋሚያው መቼ ከፍ እንደሚል፣ መቼ ዝቅ እንደሚል፣ ትከሻና አንገት ወዴት እንደሚያዘነብሉ፣ ጸናጽሉ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚሰማ ሁሉም ሥርዓት አለው። በትውፊት እንደሚነገረው አለቃ ገብረ ሐና አዲሱን ስልት የቀዱት ከተወለዱበት አገር ነው። የጣና ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣና ሲመለስ፣ ዳር ያለው ሸምበቆም በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል ተመልክተው፣ ያንን እንቅስቃሴ ወደ ማሕሌቱ አመጡት። የጎንደር ካህናት አዲሱን ነገር አልተቀበሉትም። ስልቱን ያቆዩት ልጃቸው ተክሌ ናቸው፤ ደብረ ታቦር ላይ አስተምረው አጸኑት፤ ስሙም በእርሳቸው ተጠርቶ ተክሌ አቋቋም ተባለ። ዛሬ የጎንደር ላይ ቤት፣ የጎንደር ታች ቤትና ተክሌ እየተባሉ የሚታወቁ የአቋቋም ስልቶች አሉ።

ይህ ታሪክ ለሥነ ሰብ ተመራማሪ ሁለት ቁም ነገር ይዟል። አንደኛው፣ ዕውቀት የግድ በወረቀት ላይ መገኘት የለበትም፤ ተክሌ አቋቋም የኖረው ከመምህር ወደ ተማሪ በሚተላለፍ የአካል ልምድ ነው። የዜማና የትውን ጥበባት ተመራማሪ ይህን ለማጥናት ቆሞ ከመመልከት አልፎ እንደ ደቀ መዝሙር መማር ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ ትውፊት ባለበት የቆመ ነገር አይደለም፤ ውስጡ ክርክር፣ ተቃውሞና ፈጠራ አለ።

በአለቃው ስም የሚነገሩ ቀልዶች ደግሞ የፎክሎር አጥኚዎች ጉዳይ ናቸው። በየአገሩ ለአንድ ብልህ ሰው ሌሎች የተናገሩት ሁሉ ይሰጠዋል፤ በአለቃ ገብረ ሐና ስም የሚነገረውም ሁሉ ከእርሳቸው አፍ ወጥቷል ማለት አይቻልም። አጥኚው ግን ቀልዱ የእርሳቸው መሆን አለመሆኑን ብቻ አይመረምርም። ሕዝቡ በማን ላይ መሳቅ እንደ ወደደ፣ ባለሥልጣንን በምን ዘዴ እንደ ነቀፈ፣ ቅኔ የሚመስል ንግግርን እንዴት እንደሚያከብር ከቀልዱ ያነባል።

የብራና ኅዳግ፦ ሊቃውንቱ ያላሰቡት መዝገብ

የጎንደር ዘመን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው በዋናነት ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከውጭ ተጓዦች ማስታወሻ ነበር። ሁለቱም ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ቤተ መንግሥት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ ተራው ባለ ርስት ግን የሚሉት ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሞከሩት አንዱ ካናዳዊው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ክራሚ ናቸው። ክራሚ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ኋላም በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል። ከኢትዮጵያውያኑ የታሪክ ተመራማሪዎች ከሹመት ሲሻኝና ከዳንኤል አያና ጋር በመሆን በጎንደር አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ የመሬት ሰነዶችን በፎቶግራፍ አሰባስበዋል።

ሰነዶቹ የተገኙት ሰው በማይፈልግበት ቦታ ነው። ወንጌል፣ ተአምረ ማርያም ወይም ስንክሳር ተጽፎበት ሲያልቅ ባዶ የቀረው ቅጠልና በዓምዶቹ ዳር የተረፈው ኅዳግ የአካባቢው መዝገብ ቤት ሆኖ አገልግሏል። አንዱን ማስታወሻ ቀረብ ብሎ ላየው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ነገሮች ያገኝበታል፦ የሻጭና የገዢ ስም፣ የመሬቱ ቦታ፣ በወርቅ ወቄት የተቆረጠ ዋጋ፣ የዳኛው ወይም የአለቃው ስም፣ በመጨረሻም የእማኞች ዝርዝር። በሌላ ገጽ ውርስ ይከፈላል፤ በሌላው ስጦታ ይጸናል፤ በሌላው የወንድማማች ክርክር ይፈረዳል። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ መጻፉ ውሉን እንዳይደፈር ያደርገዋል፤ ብራናው በዕቃ ቤት ስለሚጠበቅም ማስረጃው አይጠፋም።

ክራሚ ይህን ሁሉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2000 በክርስቲያናዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ስለነበረው የመሬትና የማኅበረሰብ ግንኙነት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። ሰነዶቹ የቆየውን ግምት በብዙ መልኩ አስተካከሉ። በጎንደር ዘመን መሬት ይሸጥና ይለወጥ እንደነበር በስምና በዋጋ ተረጋገጠ። ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲገዙ፣ ሲሸጡና ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ታዩ። ዜና መዋዕሉ በስም የማያውቃቸው ሰዎች በኅዳጉ ላይ ባለ ርስት፣ ተከራካሪና እማኝ ሆነው ቀረቡ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም መንገዱን ቀጥለውበታል፤ ሀብታሙ መንግሥቴ በጎጃም በኩል በመሬት ሰነዶች ላይ የሠሩት ጥናት መሬት ስላልነበራቸው ዜጎች ኑሮ አዲስ ውይይት ከፍቷል።

ይህም ምስክር ቢሆን ወሰን አለው። ኅዳጉ የሚመዘግበው ለቤተ ክርስቲያን የቀረበ፣ ስሙን ማስጻፍ የቻለ ሰው ነው። መሬት ያልነበረው፣ እረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ከዚህ መዝገብ እምብዛም አይገኙም። ስለ እነርሱ ለማወቅ ሌላ ምስክር መፈለግ ግድ ይላል።

እንፍራዝ፦ መቶ ዓመት ያለፈው ክርክር

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራዝ ይደርሳል። ከከተማው ከፍ ብሎ የጉዛራ ግንብ ይታያል፤ በትውፊት የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው። እንፍራዝ በዓለም የፍልስፍና ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ግን «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» በተባለው የግእዝ ድርሰት ነው።

ድርሰቱ እንደሚተርከው ዘርአ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1599 ተወለደ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በካቶሊኮችና በተዋሕዶዎች መካከል በተነሣው ጠብ ተሳድዶ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ። በዚያ ብቻውን ሆኖ ስለ እምነት፣ ስለ ልቡና ብርሃንና ስለ ሰው እኩልነት አሰላሰለ። ንጉሡ ሲሞቱ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ መዝሙረ ዳዊት እየጻፈና የሀብቱን ልጆች እያስተማረ ኖረ። ሐተታውንም የጻፈው ከእነዚያ ልጆች አንዱ የነበረው ወልደ ሕይወት ለምኖት እ.ኤ.አ. በ1667 ነው ይላል። ወልደ ሕይወትም በበኩሉ ሌላ ሐተታ አለው።

ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በቤጌምድር ይኖር የነበረው ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሲሆን፣ የተቀበለውም ፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ ነው። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 የግእዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር ሲያሳትሙ ሊቃውንቱ በኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ተደነቁ። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ጣሊያናዊው የግእዝ ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የዳ ኡርቢኖ የራሱ ፈጠራ ነው የሚል ክርክር አነሡ። ሐሳቡ ለዘመኑ እንግዳ መሆኑን፣ የመነኩሴው የልደት ስም ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑንና የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ምስክርነት መኖሩን በማስረጃነት አቀረቡ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልተዘጋም። ኢትዮጵያን ሁለተኛ አገራቸው ያደረጉት ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሳምነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የድርሰቱን ቋንቋና ጥቅሶች ከዳ ኡርቢኖ ደብዳቤዎች ጋር አነጻጽረው ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ደመደሙ። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጧቸው ጽሑፎች የመነኩሴውን ሕይወትና ደብዳቤዎች መርምረው የኮንቲ ሮሲኒን ወገን አጠናከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ከተጠራጣሪዎቹ ጎን ከቆዩ በኋላ ጽሑፉን እንደገና መርምረው ሐሳባቸውን በይፋ ቀየሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 በኦክስፎርድ ጉዳዩን ብቻ የተመለከተ ጉባኤ ተካሄደ፤ ከሁለቱም ወገን የቀረቡት ጥናቶችም በመጽሐፍ ታትመዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ ማን ረታ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፍርዱ ገና ነው፤ ክርክሩ ራሱ ግን ብዙ አስተምሯል። አንድ ጽሑፍ የማን እንደሆነ ለማወቅ የቋንቋ ሊቅ የግእዙን ሰዋስው፣ የታሪክ ምሁር ዘመኑን፣ የፍልስፍና መምህር የሐሳቡን ምንጭ፣ የብራና አዋቂ ቅጂዎቹን መመርመር አለባቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ምሉዕ መልስ አይሰጥም። ክርክሩ የተመራማሪዎቹን የልብ ዝንባሌም አውጥቷል። አፍሪካዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም ከሚል ንቀት የተነሣ ጥርጣሬ አለ፤ የእኛ እንዲሆን ከመመኘት የተነሣ እምነትም አለ። ሁለቱም ማስረጃን አይተኩም። የጌታቸው ኃይሌ ምሳሌነት እዚህ ላይ ይጎላል፤ በሙያው አንቱ የተባለ ሊቅ ተመልሶ የራሱን ድምዳሜ ሊመረምር መቻሉ የሊቅነት ማረጋገጫ ነው።

ሐይቁ ዳር፦ በግድ የማይገኝ ቃል

በጣና ዙሪያ ከደንገል ታንኳ እየሠራ፣ ቀድሞ ጉማሬ እያደነ የኖረ ወይጦ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። ዛሬ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ የቀድሞ ቋንቋው ጠፍቷል። ስለዚያ ቋንቋ ቀድሞ ከጻፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ወይጦዎች ከአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ሰምቶ ሊያጠናው ፈለገ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ጎንደር አስመጣ። ሰዎቹ ግን ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። ንጉሡ ተቆጥተው እንዲሰቀሉ አዘዙ፤ እነርሱም ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ለሞት ተዘጋጁ። ብሩስ በብዙ ምልጃ አስለቀቃቸው፤ እንዲህ ያለ ሙከራም ዳግመኛ እንዳላደረገ ራሱ ጽፏል። የተሳሳተ ዘገባ ከማቅረብ ምንም አለማቅረብ ይሻላል የሚል አቋሙንም ጨምሮ አስፍሯል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ፣ ኋላም ፈረንሳውያኑ ማርሴል ግሪዮልና ማርሴል ኮኸን ስለ ወይጦዎች ሲያጠኑ ያገኙት አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ነው። ቋንቋው ከየትኛው ቤተሰብ እንደነበረ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። አንድ ቋንቋ ሳይመዘገብ የቀረው ተመራማሪ ስላልደረሰ አይደለም፤ ተመራማሪው ደርሶ ነበር፤ የመጣው ግን በንጉሥ ትእዛዝ ነው። የተናቀ ሰው ስለ ራሱ እንዲናገር መጀመሪያ መከበር አለበት። የዘመኑ የሥነ ምግባር ደንቦች ተመራማሪ ከመጠየቁ በፊት የተጠያቂውን ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ጉዳት እንዳያደርስበት፣ ምስጢሩን እንዲጠብቅ ያዛሉ። የእነዚያ ሁለት ሰዎች ዝምታ ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ በግልጽ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ስለ ወይጦዎች የተሠሩ የተሻሉ ጥናቶች የመጡት በሐይቁ ዳር ከማኅበረሰቡ ጋር ጊዜ ወስደው ካጠኑ ሰዎች ነው። ገደፍ አባዋ ፍሬውና ኖርዌያዊው ተሪየ ኦስቲጎርድ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ዓባይ ምንጭና ስለ ጣና አካባቢ የውኃ እምነቶችና ሥርዓቶች ያሳተሙት መጽሐፍ ሐይቁ ለዙሪያው ሕዝብ ምን ማለት እንደሆነ ከራሱ ከሕዝቡ አንደበት ለማሳየት የሞከረ ነው።

አውራምባ፦ ስለ ራሱ የሚናገር ማኅበረሰብ

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቅጣጫ፣ እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራምባ ይገኛል። ማኅበረሰቡን በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ናቸው። በአውራምባ የሴትና የወንድ እኩልነት፣ የሕፃናት መብት፣ አቅም ያጣን መርዳት፣ ክፉ ንግግርንና ክፉ ሥራን ማስወገድ የኑሮ መርሕ ነው። ሴትም ወንድም ሸማ ይሸምናል። ለአረጋውያን መጦሪያ አለ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ በፈጣሪ ግን ያምናሉ። ከጎረቤት ጋር ባለመግባባታቸው በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። ሲመለሱ የቀድሞው መሬታቸው አብዛኛው በሌላ ሰው እጅ ስለነበር ኑሯቸውን በሽመና ላይ መሠረቱ።

ማኅበረሰቡ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ አጥኚ ስቧል። የፍልስፍና ተማሪ የሥነ ምግባር መርሖቹን፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪ የቤተሰብ አወቃቀሩን፣ የሃይማኖት አጥኚ ቤተ አምልኮ የሌለውን እምነት ለማየት ይሄዳል። እንግዳ ተቀብሎ የሚያስጎበኝና የሚያስረዳ ሰው አለ። ለተመራማሪ ይህ ምቹ ነው፤ ምቾቱ ግን ፈተናም አለው። ታሪኩን ለብዙ እንግዳ የተናገረ ሰው ንግግሩ እየጠራ፣ እየተስተካከለ ይሄዳል። መስማት የሚገባው ይኸው ንግግር ብቻ አይደለም፤ ሸማ ላይ ያለችው ወጣት፣ ማኅበሩን ትቶ የወጣው፣ ከአጎራባች ቀበሌ ያለው ገበሬም የሚሉት አላቸው። አውራምባን ማድነቅም መተቸትም የሚቻለው እነዚህ ሁሉ ከተሰሙ በኋላ ነው።

ዕውቀቱ ለማን ይመለስ

ናበጋ፣ የብራናው ኅዳግ፣ እንፍራዝ፣ ሐይቁ ዳርና አውራምባ አንድ ላይ ሲታዩ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። የሥነ ሰብ ጥናት የሚሰምረው ምስክሩ ሲከበር፣ ማስረጃው ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲመሳከርና ተመራማሪው የራሱን ድምዳሜ ደግሞ ለመመርመር ሲፈቅድ ነው። የአብነቱ ጉባኤ ቤትም የዩኒቨርሲቲው ጉባኤም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የቀረ ሥራ አለ። በጣና ገዳማት ያሉ ብራናዎች በጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በማይክሮፊልም ተነሥተው ኋላ ካታሎግ ወጥቶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራም በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ከጥፋት አድኗል፤ በካታሎጉም የጌታቸው ኃይሌ ድካም ትልቅ ነው። በየገጠሩ አጥቢያ ያሉት ብዙ ብራናዎች፣ በመሪጌቶች ልብ ያለው ዜማ፣ በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አንደበት ያለው ታሪክ ግን ገና አልተመዘገበም። የሩዝ እርሻ የሜዳውን ኑሮ እንዴት እንደለወጠ፣ ከዚያ በፊት ምን ይዘራ፣ ምን ይዘፈን እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል።

የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ምድር ቅርብ ናቸው። በፎገራ ላይ የተሠራ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ወረታ ላይ ሕዝብ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ቢቀመጥ፣ ፍሬ ሐሳቡም በአማርኛ ቢጻፍ፣ ቃሉን የሰጠው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ከአያቱ ምን እንደተገኘ ያውቃል። ተመራማሪዎችም ሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ዕዳ ሊቆጥሩት ይገባል። አያት ያለው ወጣት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም፤ ስልኩን ከፍቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ዛሬውኑ ድምፃቸውን ይቅዳ።